እህቴን የደገፏት አገልግሎቶች፦ ከደብረ ብርሃን ሆኜ የታዘብኩት

ይህን ግምገማ የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። የምገመግማቸው አገልግሎቶች ግን ያሉት አሜሪካ ሲሆን፣ የተጠቀመችባቸውም በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በተባለችው ከተማ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ናት። እህቴ ትራንስ ናት፤ ስትወለድ «ወንድ ነው» ተብሎ ሰባት ጊዜ እልል የተባለላት፣ ራሷን ካወቀችበት ጊዜ አንሥቶ ግን ሴት መሆኗን በልቧ ስታውቅ የኖረች ሰው ናት። ጽሑፉን ከማውጣቴ በፊት አንብቤላት ፈቅዳልኛለች። ስሟን፣ የምትሠራበትን ቦታና እኛ ያደግንበትን ቀበሌ የተውኩት ለእርሷም ለእናታችንም ደኅንነት ስል ነው።

በአማርኛ ስለዚህ ጉዳይ መረጃ ለመፈለግ የሞከረ ሰው ምን እንደሚያጋጥመው አውቃለሁ። ከስድብና ከዛቻ በስተቀር የረባ ነገር አያገኝም። እኔም ከስድስት ዓመት በፊት እህቴ በስልክ እውነቱን ስትነግረኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስልኬን ይዤ ብፈልግ አንድም የሚያጽናና መስመር አላገኘሁም። ምናልባት ዛሬም አንድ ወንድም ወይም አንዲት እናት እንደዚያው እየፈለጉ ይሆናል በሚል ሐሳብ፣ ያየሁትን ሁሉ በተቻለኝ መጠን አስተካክዬ ለማስቀመጥ ወስኛለሁ።

መጀመሪያ ያልሆነላትን ልናገር። እህቴ አሜሪካ እንደገባች ቨርጂኒያ ውስጥ ትኖር ነበር። እንቅልፍ አጥታ፣ ምግብ አልወርድ ብሏት፣ በሰው ጥቆማ ወደ አንድ የሥነ ልቦና ምክር መስጫ ሄደች። ስሙን አልጠራም። አማካሪዋ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይሁን እንጂ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀጠሮዎች ያለቁት እህቴ ኢትዮጵያ የት እንደምትገኝ፣ ኦርቶዶክስ ምን ማለት እንደሆነ፣ ትራንስ መሆንና ወንድ ሆኖ ወንድን መውደድ ለምን አንድ እንዳልሆኑ ስታስረዳ ነው። በሦስተኛው ቀን «ይህ ስሜትሽ ከባህልሽ ጭቆና የመጣ ይመስልሻል?» ተብላ ስትጠየቅ ተነሥታ ወጣች። ከአውቶቡስ ማቆሚያ ደውላልኝ «እትዬ፣ ከፍዬ አስተምሬ መጣሁ» አለችኝ። የዚያን ዕለት የድምፅዋ ድካም እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። ቁስሏን ለማሳየት ሄዳ፣ ቁስሉ ቁስል መሆኑን ስታስረዳ ውላ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ «ናሽናል ኩዊር ኤንድ ትራንስ ቴራፒስትስ ኦፍ ከለር ኔትወርክ» የተባለውን ድርጅት ነገረቻት። ስሙ ረጅም ቢሆንም የሚሠራውን ነገር በትክክል ይገልጻል፤ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወይም ትራንስ የሆኑ፣ ጥቁርና ሌሎች ነጭ ያልሆኑ የሥነ ልቦና ባለሙያዎችን የሚያስተሳስር መረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የመሠረተው ኤሪካ ውድላንድ ሲሆን እርሱም ራሱ በሙያው የተመሰከረለት የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ነው። መረቡ ራሱን የፈውስ ፍትሕ ድርጅት ብሎ ይጠራል። አባባሉ ለእኛ ጆሮ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ሐሳቡ ግን ቀላል ነው። ሰውን ያሳመመው ድህነት፣ ዘረኝነትና መገለል ከሆነ፣ ሕመምተኛውን ብቻውን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ «ችግሩ አንተ ውስጥ ነው» ማለት ሕክምና አይሆንም፤ ፈውሱም እንደ ሕመሙ ማኅበረሰቡን መንካት አለበት ማለት ነው። ለቅሶ ቤት ፍራሽ አንጥፎ ሐዘንተኛን ብቻውን ላለመተው ለሚቀመጥ የሰሜን ሸዋ ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም።

የመረቡ ዋና አገልግሎት በኢንተርኔት ላይ ያለ የባለሙያዎች ዝርዝር ነው። ፈላጊው የሚኖርበትን ግዛት መርጦ ይገባና በየባለሙያው ስም ሥር የተጻፈውን ያነብባል፤ ማን እንደሆኑ፣ በምን ጉዳይ ላይ እንደሚሠሩ፣ እንዴት እንደሚገኙ። አቅም ለሌላቸው ደግሞ ድርጅቱ የሕክምና ወጪ መደጎሚያ ፈንድ አለው። ፈንዱ ሁልጊዜ ክፍት ስለማይሆን ማመልከቻ የሚቀበልበትን ጊዜ መከታተል ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ ብዙ አማካሪዎች እንደ ገቢ መጠን ከፍ ዝቅ የሚል ክፍያ ስለሚቀበሉ፣ ሳያፍሩ «እንደ አቅሜ መክፈል እችላለሁን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። እኛ አበሾች ዋጋ መከራከር የለመድነው ገበያ ላይ ብቻ ነው፤ ሐኪም ፊት እንፈራለን። እህቴ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል፤ ስትጠይቅ የተሰጣት መልስ ግን በሁለት መስመር ያለቀ «አዎ» ነበር።

አንድ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር አለ። በአሜሪካ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፈቃድ የሚሰጠው በየግዛቱ ስለሆነ፣ አንዱ ግዛት ውስጥ የተፈቀደለት አማካሪ ብዙውን ጊዜ ሌላ ግዛት የሚኖርን ሰው ማከም አይችልም። ቨርጂኒያና ሜሪላንድን የሚለያቸው አንድ ወንዝ ነው፤ ፖቶማክን ተሻግሮ ቤት የቀየረ ሰው ግን አማካሪውንም ሊቀይር ይችላል። ስለዚህ ቤት ለመቀየር ያሰበ ሰው መጀመሪያ ቤቱን ይወስን፣ ከዚያ አማካሪ ይምረጥ። እህቴ ቅደም ተከተሉን የተማረችው ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባች በኋላ ነው።

አሁን ያለችው አማካሪ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። በመጀመሪያው ቀን የጠየቀቻት ጥያቄ «ምን ብዬ ልጥራሽ?» የሚል ነበር። ኢትዮጵያን አታውቅም፤ አለማወቋንም አልደበቀችም፤ ማወቅ ያለባትን ከቀጠሮው ሰዓት ውጭ ራሷ አንብባ ትመጣለች። እህቴን ያሳረፋት ከሁሉ በላይ ይህ ነው። ስለ ራሷ በሽታ ነው ወይ ብላ ተጨንቃ ስትጠይቃት ደግሞ ማባበያ ሳይሆን መረጃ ሰጠቻት፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ፣ ይህን ማንነት ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል። መታከም ያለበት ሰው በመገለል ብዛት የሚደርስበት ጭንቀት፣ ፍርሃትና ተስፋ መቁረጥ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ነገር ለአማርኛ አንባቢ ብቻ የሚገባ ይመስለኛል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሰውን ሲያነጋግር ግሱ ጾታ የለውም። በአማርኛ ግን «መጣህ» ወይም «መጣሽ»፣ «ብላ» ወይም «ብዪ» ሳይሉ ውኃ እንኳን ማቅረብ አይቻልም። እህቴ «በእንግሊዝኛ ስናገር ማንም በየቃሉ አይቆርጠኝም፤ በአማርኛ ግን እያንዳንዱ ግስ ፈተና ነው» ስትለኝ፣ ሠላሳ ዓመት ስናገረው የኖርኩት ቋንቋ ለእርሷ ምን ያህል እንደሚከብዳት ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ። እኔ ራሴ በመጀመሪያዎቹ ወራት አንደበቴ አልታዘዝ ብሎኝ ግሱን እደብቅ ነበር። «ተበላ ወይ? ተተኛ ወይ? እንዴት ተዋለ?» እያልኩ፣ አንተም አንቺም ሳልል ስልኩን እዘጋለሁ። ልብ አላለችውም ብዬ አስብ ነበር። ልብ ብላዋለች፤ ለአማካሪዋም ነግራታለች። አማካሪዋ አማርኛ ባትችልም «እስቲ በልጅነትሽ በትክክል የተጠራሽበትን ቀን አስታውሺ» አለቻት።

ያስታወሰችው የእናታችንን ድምፅ ነው። በአገራችን ወንድ ልጅን «አንቺ»፣ ሴት ልጅን «አንተ» ብሎ ማቆላመጥ የተለመደ ነው። እናታችን ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ስትፈለፍል፣ ያን ጊዜ አምስት ዓመት የማይሞላትን እህቴን «ነይ እስቲ አንቺ፣ ነይ እዚህ ቁጭ በዪ» ትላት ነበር። እናቴ ይህን የምትለው እንደ ማንኛውም የሸዋ እናት በፍቅር ነው፤ ሌላ ነገር አላሰበችም። እህቴ ግን በዚያ ቃል ተጠልላ አደገች፤ ሰባት ዓመት ሆኗት «አሁንማ ጎረምሳ ሆኗል» ተብሎ ማቆላመጡ ሲቀር ለምን እንዳለቀሰች ቤተሰቡ ሁሉ አልገባውም ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ አልፎ፣ አማርኛ በማታውቅ ሴት ፊት፣ የእናቷን ቃል በአማርኛ ደጋግማ እያለች አለቀሰች። አማካሪዋ ትርጉሙን አልጠየቀቻትም፤ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። ያን ዕለት ደውላልኝ «ነይ በይኝ» አለችኝ። «ነይ» አልኳት።

አሁን ወደ ስልክ አገልግሎቱ ልለፍ። ትራንስ ላይፍላይን እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተ፣ ትራንስ ሰዎች ለትራንስ ሰዎች የሚመልሱበት የስልክ መስመር ነው። ከሌሎች መስመሮች የሚለየው አንድ ጥብቅ ደንብ አለው፤ ደዋዩ ሳይፈቅድ ፖሊስም ሆነ አምቡላንስ አይጠራበትም። ለምን ይህ ትልቅ ነገር ይሆናል የሚል ካለ፣ ጥቁር የሆነ፣ የመኖሪያ ወረቀቱ ገና ያልጸና ሰው በሌሊት በሩን ፖሊስ ሲያንኳኳበት ምን እንደሚሰማው ያስብ። ሰው እርዳታ ከመጥራት የሚቆጠበው ብዙ ጊዜ እርዳታው ይዞት የሚመጣውን ፈርቶ ነው። እህቴ ሁለት ጊዜ ደውላለች። ሁለተኛውን ጊዜ ያነሣላት ሰው አርባ ደቂቃ ያህል አብሯት ቆየ፤ ምክር አልሰጣትም፤ ሻይ እስክታፈላ ድረስ ስልኩን ይዞ ጠበቃት። ጉድለቱ አገልግሎቱ ለአሜሪካና ለካናዳ ብቻ መሆኑ ነው። አገልግሎቱ በየሰዓቱ ስለማይገኝ፣ የሥራ ሰዓቱን አስቀድሞ ማየት ይበጃል።

ዕድሜያቸው ከ25 በታች ለሆኑ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪና ትራንስ ወጣቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በጭንቀት ሰዓት እርዳታ የሚሰጠው ትሬቨር ፕሮጀክት አለ። ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ራስን የማጥፋት ሐሳብና ከባድ ጭንቀት ለገጠመው ሰው በተዘጋጀው በአሜሪካ ብሔራዊው 988 የስልክ መስመር ላይ «3 ቁጥርን ተጫን» የሚለው ለእነዚህ ወጣቶች ብቻ የተለየ ምርጫ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 17 ቀን 2025 ጀምሮ ተዘግቷል። 988 ራሱ ይሠራል፤ ልዩው ምርጫ ግን የለም። የድሮ ወረቀት ወይም የድሮ መልእክት ይዞ የሚደውል ሰው በጭንቀት ሰዓት ግራ እንዳይጋባ ልጅ ያላችሁ ቤተሰቦች ንገሩ።

እህቴን ከሁሉ በላይ ያቆማት ግን አማካሪዋም የስልክ መስመሩም አይመስለኝም። በወር አንድ ጊዜ በአንዲት ሴት ሳሎን የሚሰበሰብ አነስተኛ ክበብ ነው። ስም የለውም፤ ማስታወቂያም የለውም። ከጃማይካ፣ ከኤል ሳልቫዶር፣ ከናይጄሪያ የመጡ፣ እዚያው የተወለዱም አሉበት። ተራ በተራ ምግብ ይሠራሉ፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ገበያ ይሄድለታል፤ ኪራይ የጎደለበት እንዳለ ሳንቲም ያዋጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ተቀምጠው የሚያወሩት። እህቴ ስትነግረኝ «ይኼማ የጽዋ ማኅበር ነው፤ ዕድርም አለበት» አልኳት። ሳቀችና «እትዬ፣ ለዚህ ነው መጀመሪያ ቀን ስገባ ያለቀስኩት» አለችኝ። ሰንበቴ ስትጠጣ ያደገች ልጅ ለስምንት ዓመት ያህል ማኅበር አልነበራትም፤ ደብረ ብርሃን ያለውን ማኅበር ብትቀርበው እንደማይቀበላት፣ አሜሪካ ያለውን የአበሻ ማኅበር ደግሞ ደፍራ እንደማትቀርበው ታውቅ ነበርና።

በዚያ ክበብ ያስቸገራት ነገር ቢኖር ጾም ነው። ዕለቱ ብዙ ጊዜ ዓርብ ላይ ይውል ስለነበር፣ አይብና ሥጋ ባለበት ማዕድ ላይ ዳቦ ብቻ ይዛ ትቀመጥ ነበር። እነርሱም ሃይማኖት የጎዳቸው ሰዎች በመሆናቸው፣ እርሷ አሁንም የምትጾም መሆኗ መጀመሪያ ላይ አልገባቸውም። አንዱ «ያባረሩሽን ለምን ትታዘዢያቸዋለሽ?» ብሏታል። «የምጾመው ለእነርሱ ብዬ አይደለም» ብላ መለሰች። በቀጣዩ ወር ቤቱን የያዘችው ሴት ምስር ወጥ የሚመስል ነገር ሠርታ ጠበቀቻት። ያለ በርበሬ የተሠራ፣ እህቴ እንደምትለው ብዙም የማይጣፍጥ ምስር ነበር፤ ሁለት ጊዜ ጨልፋ በላች።

ስለ ሃይማኖት አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ለእኔ ቀላል አይደለምና። እህቴ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ነገር ጠርጥሮ የደነገጠው አባታችን በአካባቢያችን ወዳለ አንድ ጠበል ወስዷት ሦስት ሳምንት ሰንብታ ነበር። በጠበል አምናለሁ፤ እናቴም በጻድቃኔ ማርያም ጠበል ዳንኩ ብላ ትመሰክራለች። ነገር ግን ያልታመመን ሰው በግድ ይዞ «ውጣ» እያሉ መጮኽ ምን እንደሚያደርግ በዓይኔ አይቻለሁ። እህቴ ከዚያ ስትመለስ ለሁለት ወር ያህል ከማንም ጋር አልተነጋገረችም። የአሜሪካዋ አማካሪ ይህን ቁስል ስታክም እምነቷን አላጣጣለችባትም፤ ጠበሉንና ጩኸቱን ለይታ አየችላት። ለአማኝ ሰው አማካሪ ሲመረጥ ይህ መታየት አለበት እላለሁ፤ እምነትን ራሱን እንደ በሽታ የሚቆጥር አማካሪ፣ ማንነትን እንደ በሽታ ከሚቆጥር አማካሪ ያነሰ ጉዳት አያደርስም።

የሚጎድለውንም እናገራለሁ። እኛ ካየናቸው የባለሙያ ዝርዝሮች በአንዱም አማርኛ የሚናገር፣ በዚህ ጉዳይ የሚሠራ ሰው አላገኘንም። በልጅነት የደረሰ ነገር በልጅነት ቋንቋ ነው የሚወጣው፤ እህቴም አንዳንድ ቀን በእንግሊዝኛ የተናገረችውን ከቀጠሮው በኋላ ለእኔ በአማርኛ ትደግመዋለች። በእነርሱ ሰዓት ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የጀመረው ቀጠሮ፣ በበጋቸው ለእኔ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ሲያልቅ ስልኬ ይጠራል። ከአገር ውጭ ሆኖ ስለ ኢትዮጵያውያን ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችና ትራንስ ሰዎች የሚሠራ ሐውስ ኦፍ ጉራማይሌ የተባለ ድርጅት መኖሩን ያወቅነው ቆይተን ነው። ይህን ስም በማየቷ ብቻ እህቴ ደስ አላት። ሁለት ቋንቋ እየቀላቀለ ለሚያወራ ሰው እኛ ስንሰጠው የኖርነውን ቃል ሰዎቹ በኩራት ስማቸው አድርገውታል።

እዚህ ሰሜን ሸዋ ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ፣ የማያሳስት ቃል መናገር አለብኝ። ከላይ የጠቀስኳቸው አማካሪዎች ኢትዮጵያ ያለን ሰው ሊቀበሉ አይችሉም። የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 629 ጀምሮ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በእስራት ያስቀጣል፤ ከሕጉም በላይ ጎረቤት ያስፈራል። ስለዚህ «ሂዱና እንዲህ ያለ ክበብ መሥርቱ» ብዬ አልጽፍም። የምለው ይህን ነው፦ ድርጅቶቹ በነጻ የሚያወጧቸውን ጽሑፎች ማንበብ ይቻላል፤ ካነበቡ በኋላ የስልክን ታሪክ ማጥፋት፣ በሥራ ቦታ ኮምፒውተር አለመክፈት፣ ስልክን በቁልፍ መዝጋት ይገባል። እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀትና ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ፣ ማንነትን ሳይናገሩ ስለ ምልክቶቹ ብቻ ተናግሮ በሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል መታየት ይቻላል፤ ሐኪሙ ጭንቀቱን ለማከም ምክንያቱን በሙሉ ማወቅ አያስፈልገውም። ቤተሰብ ከሆናችሁ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ሁኑለት፤ ለእህቴ በአገር ቤት ያለኋት እኔ ብቻ ነኝ።

አማካሪዋ ባለፈው ዓመት አንድ ቀጠሮ ለቤተሰብ ከፍታልን ነበር። እኔ በስልኬ ቪዲዮ ገባሁ፤ መብራት እንዳይጠፋብኝ ጸሎት ላይ ነበርኩ። እህቴ ራሷ አስተርጓሚ ሆነች። ሴትዮዋ ለእኔ ያቀረበችው ጥያቄ «አንቺስ ማን ይደግፍሻል?» የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣብኛል ብዬ ስላልጠበቅሁ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አልኩ። እህቴም ዝምታዬን አልተረጎመችም።

እናታችን እስካሁን ሁሉን አታውቅም፤ ታውቃለች የምልባቸው ቀኖችም አሉ። በጥር ወር ወደ አሜሪካ ለሚመለስ ሰው «ለልጄ ስጡልኝ፣ ብርዱ ይጎዳዋል» ብላ መንዝ የተሠራ ባና ላከች። ባናው ደርሷል። እህቴ ቅዳሜ ጠዋት ከአማካሪዋ ፊት ስትቀመጥ ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርገዋለች። አማካሪዋ ከምን እንደተሠራ ጠይቃት፣ ስለ መንዝ በግ፣ ስለ ጸጉሩ አፈታተል፣ ስለ ደጋው ብርድ ሩብ ሰዓት ያህል እንዳስረዳቻት ነገረችኝ። በዚያን ቀን ድምፅዋ ድካም አልነበረበትም።